የመቀነስ የቃላት ፕሮብሌም

የመቀነስ የቃላት ፕሮብሌም ማለት በቁጥርና በምልክት ብቻ ሳይሆን በአጭር ታሪክ መልክ የሚቀርብ፣ መልሱም በመቀነስ የሚገኝ የሒሳብ ጥያቄ ነው። «8 − 5 = ?» ተራ የስሌት ጥያቄ ነው። «ዓሣ አጥማጁ 8 ቆሮሶ ያዘ። 5ቱን ሸጠ። ስንት ቀረው?» ሲባል ግን የቃላት ፕሮብሌም ይሆናል። በኢትዮጵያ ልጆች ከእንዲህ ያለው ጥያቄ ጋር የሚተዋወቁት በመጀመሪያዎቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ነው። 8 − 5ን በትክክል የሚሠራ ልጅ ያንኑ ቅነሳ በታሪክ ሲሰማው ሊደምር፣ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ደግሞ ሊናገር ወይም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ከስሌቱ ላይ ሳይሆን ከታሪኩ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአማርኛ ከሚማሩ ልጆች አንጻር ያቀርባል፤ ምሳሌዎቹ በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ካለው ኑሮ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ቅነሳ፣ ብዙ ታሪክ

ለአዋቂ ሰው 8 − 5 አንድ ነገር ነው። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ከዚህ ስሌት ጀርባ ያሉት ታሪኮች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ናቸው።

ቀላሉ ዓይነት የመውሰድ ታሪክ ነው። ከላይ እንደተጠቀሰው ዓሣ አጥማጅ፣ መጀመሪያ የነበረው ይታወቃል፣ የወጣው ይታወቃል፣ የሚጠየቀው የተረፈው ነው። ልጁ 8 ጠጠር ቆጥሮ 5ቱን ያነሳል፤ የቀሩትን ይቆጥራል። ታሪኩ የሄደበትን መንገድ እጁም ይሄድበታል።

ሁለተኛው ዓይነት የተወሰደውን ይጠይቃል። «ጀልባዋ 8 ሰዎች ጭና ከባሕር ዳር ተነሣች። ክብራን ገብርኤል ስትደርስ ጥቂት ሰዎች ወረዱ። አሁን ጀልባዋ ላይ 5 ሰዎች አሉ። ስንት ሰዎች ወረዱ?» ስሌቱ ያው 8 − 5 ነው፤ ነገር ግን ልጁ «ጥቂት» የተባለውን ቁጥር ሳያውቅ ታሪኩን ይዞ መቆየት አለበት። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው የተረፈው 5 ነው።

ሦስተኛው ዓይነት መጀመሪያውን ይደብቃል። «አንዲት ሴት ከዘጌ ሎሚ ይዛ መጣች። 5 ሎሚ ሸጠች። 3 ቀራት። መጀመሪያ ስንት ሎሚ ነበራት?» እዚህ ላይ ታሪኩ የመቀነስ ታሪክ ሲሆን የሚፈለገው ስሌት ግን 5 + 3 ነው። የዚህን ተቃራኒም ማየት ይቻላል። «አልማዝ 5 ብር አላት። ደብተሩ 8 ብር ነው። ደብተሩን ለመግዛት ስንት ብር ይጨመርላት?» ሲባል ታሪኩ ስለ መጨመር ያወራል፣ መልሱ ግን በመቀነስ ይገኛል። ታሪኩና ስሌቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ግልጽ ይሆናል።

አራተኛው ዓይነት ምንም እንቅስቃሴ የለውም። «ዳርቻው ላይ 8 ጀልባዎች አሉ። 5ቱ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ናቸው። ሌሎቹ የሞተር ጀልባዎች ናቸው። የሞተር ጀልባዎቹ ስንት ናቸው?» ማንም አልሄደም፣ ማንም አልተሸጠም፤ አንድ ሙሉ ነገር በሁለት ተከፍሏል። አምስተኛውና ለትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ ከባድ የሚሆነው የማወዳደር ጥያቄ ነው፦ «ወደ ዘጌ የምትሄደው ጀልባ 8 ሰው ጫነች። ወደ ክብራን የምትሄደው 5 ሰው ጫነች። የዘጌዋ ከክብራኗ በስንት ሰው ትበልጣለች?» እዚህ ላይ ልጆች «8» ብለው መመለሳቸው የተለመደ ስህተት ነው። ልጁ ጥያቄውን የሚሰማው «የትኛዋ ትበልጣለች?» እንደ ተባለ አድርጎ ነው።

ይህን ዓይነቱን አከፋፈል በአሜሪካ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በስፋት አጥንተውታል። ሜሪ ራይሊ፣ ጄምስ ግሪኖና ጆአን ሄለር በ1983 ባወጡት ሥራ የልጆችን አፈታት የሚመስል የኮምፒውተር ሞዴል ሠርተው የትኛው ዓይነት ለምን እንደሚከብድ አሳይተዋል። ቶማስ ካርፐንተርና ጄምስ ሞዘር ደግሞ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ተከታትለው በ1984 ውጤቱን አሳትመዋል። ከዚህ ጥናት ከወጡት ነገሮች ትልቁ ልጆች የመቀነስ ምልክትን ከመማራቸው በፊት ብዙዎቹን ታሪኮች በጣታቸውና በጠጠር መፍታት መቻላቸው ነው። አስተማሪው ባዶ ዕቃ እየሞላ አይደለም ማለት ነው።

«ቀረ» የሚለው ቃል

በአማርኛ ለመቀነስ ጥያቄ የመጀመሪያው ቃል «ቀረ» ነው። የመማሪያ መጻሕፍትም አስተማሪዎችም «ስንት ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቃሉ ግን ልጆች ከቤት ይዘውት የሚመጡት በአንድ ትርጉም አይደለም።

«የክፍሉ ልጆች 12 ናቸው። ዛሬ 4 ልጆች ቀሩ።» እዚህ ላይ 4ቱ ያልመጡት ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት 8 ናቸው። «ክፍሉ ውስጥ 12 ልጆች ነበሩ። ደወል ተደውሎ ወጡና 4 ልጆች ቀሩ።» እዚህ ደግሞ 4ቱ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ የወጡት 8 ናቸው። በሁለቱም ቦታ የተጻፈው «4 ልጆች ቀሩ» ነው፣ በሁለቱም ስሌቱ 12 − 4 ነው፤ 4ቱና 8ቱ ግን ቦታ ተለዋውጠዋል። በየጠዋቱ ስም ሲጠራ «ማን ቀረ?» ሲባል የሚሰማ ልጅ «ስንት ቀሩ?» ሲባል ያልመጡትን ቢቆጥር ስንፍና ሊባል አይገባም። የሰማውን ቋንቋ በትክክል ተጠቅሟል።

የግሡ ጊዜ ሲለወጥ ሌላ ትርጉም ይመጣል። «አልማዝ 5 ብር ቀራት» ማለት በእጇ 5 ብር አለ ማለት ነው። «አልማዝ 5 ብር ይቀራታል» ግን ብትገዛ የሚተርፋት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ገና መክፈል ያለባት ዕዳ ሊሆን ይችላል። አንዱ ያላት ነው፣ ሌላው የሌላት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ በጥቂት ፊደላት የሚለይ ነገር እንዲህ ካራራቀ፣ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው «ተረፈ»፣ «ጎደለ»፣ «አልመጣም»፣ «አሁን እጇ ላይ ያለው» የሚሉትን ቃላት እንደ ቦታው ቢጠቀም ይሻላል። «ቀረ»ን ማስወገድ ግን አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ልጆቹ ሦስቱንም ትርጉም ጎን ለጎን ሰምተው እንዲለዩ ማድረግ ራሱ ትምህርት ነው።

«ከ» እና የግሥ ቦታ

አማርኛ ለመቀነስ አንድ ጥሩ ነገር አለው። «ከ8 ላይ 5 ሲቀነስ» ሲባል ቁጥሮቹ የሚሰሙት በሚጻፉበት ቅደም ተከተል ነው፤ 8 − 5። በእንግሊዝኛ «5ን ከ8 ውሰድ» በሚል ቅደም ተከተል ሲነገር ልጆች ቁጥሮቹን ማገላበጥ አለባቸው።

ችግሩ የሚመጣው በማወዳደር ላይ ነው። «8 ከ5 በስንት ይበልጣል?» ሲባል «ከ» የተለጠፈችው በትንሹ ቁጥር ላይ ነው። «ከ» ያለበት ቁጥር መጀመሪያ ይጻፋል ብሎ የለመደ ልጅ 5 − 8 ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ትልቁን ከትንሹ መቀነስ ስለማያውቅ ገልብጦ 3 ይላል። መልሱ ትክክል ስለሆነ ስህተቱ አይታይም፤ እርማት ላይ ምልክት ያገኛል፣ ከዓመታት በኋላ አሉታዊ ቁጥር ሲመጣ ይወጣል። ልጁ የጻፈውን የሒሳብ ዐረፍተ ነገር ማየት መልሱን ብቻ ከማየት የሚሻለው ለዚህ ነው።

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱም ከቁጥር ጋር ይያያዛል። «አበበ ለእህቱ 3 ሎሚ ሰጣት» እና «አበበ ከእህቱ 3 ሎሚ ተቀበለ» እስከ ቁጥሩ ድረስ የሚለዩት በ«ለ» እና በ«ከ» ብቻ ነው። ሎሚው መጨመሩን ወይም መቀነሱን በግልጽ የሚናገረው ቃል ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል። ቁጥሩን እንዳየ እርሳሱን የሚያነሣ ልጅ ታሪኩ ሳያልቅ ሥራ ጀምሯል።

ቀስ ብሎ ለሚያነብ ልጅ ይህ የበለጠ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለእነዚህ ልጆች በጽሑፍ ብቻ የሚቀርብ የመቀነስ ታሪክ የሒሳብ ፈተና ሳይሆን የንባብ ፈተና ነው። አስተማሪው ታሪኩን በቃሉ ሁለት ጊዜ ቢነግራቸው ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሊፈቱት የሚችሉ ይሆናሉ።

የቁልፍ ቃል ዘዴና የመርከቡ አዛዥ

በብዙ አገሮች የተለመደ አንድ አቋራጭ አለ። ልጆች «ቀረ»፣ «ሰጠ»፣ «ሸጠ» ሲያዩ እንዲቀንሱ፣ «በድምሩ»፣ «ጨመረ» ሲያዩ እንዲደምሩ ይነገራቸዋል። ዘዴው ለመውሰድ ታሪክ ይሠራል፤ በዘጌዋ የሎሚ ሻጭ ታሪክ ላይ ግን ይወድቃል። «ሸጠች» እና «ቀራት» የሚሉት ሁለቱም ቃላት አሉ፣ መልሱ ግን በመደመር ነው። በቁልፍ ቃል የሠለጠነ ልጅ 5 − 3 ብሎ «2» ይላል፤ 5 ሎሚ የሸጠች ሴት መጀመሪያ 2 ሎሚ ብቻ እንደነበራት ሲናገር አይደነቅም።

ቁልፍ ቃልን ብቻ ይዞ ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ጥሩ ምሳሌ አለ። ዳንኤል ቦብሮው የተባለ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 «ስቱደንት» የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የአልጀብራ የቃላት ጥያቄዎችን ተቀብሎ ዐረፍተ ነገሮቹን በተወሰኑ ቃላትና ቅርጾች እየሰነጠቀ ወደ እኩልታ ይለውጣቸው ነበር። ለዘመኑ አስደናቂ ሥራ ነበር። ይሁንና ስለ ሰዎች፣ ስለ ዕቃዎችና ስለ ገንዘብ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ልጅ ግን ሎሚ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያንን እውቀት ከበር ውጪ አስቀምጦ እንዲገባ ማድረግ ኪሳራ ነው።

ኪሳራው ምን እንደሚመስል በፈረንሳይ ግሬኖብል የታየው ሙከራ ይነግራል። በ1970ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ይህ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜው ስንት ነው? ከ97 ልጆች 76ቱ በቁጥሮቹ ስሌት ሠርተው የአዛዡን ዕድሜ ተናገሩ። በጣና ላይ በጀልባ የሚመላለስ ልጅ ያንን ጥያቄ ከወንድሙ ቢሰማ ይስቅ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ከአስተማሪ ለሚመጣ ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ አለው ብሎ ስለሚያምን 26ን እና 10ን ይደምራል።

በክፍል ውስጥ

አስተማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ታሪኩን መጀመሪያ ያለ ቁጥር መንገር ነው። ስለ ጀልባዋ ሲሆን፣ «ሰዎች ጀልባ ላይ ነበሩ፤ ክብራን ላይ አንዳንዶቹ ወረዱ፤ ሌሎቹ ተቀምጠዋል። አሁን ጀልባዋ ላይ ያሉት ከመጀመሪያው ይበዛሉ ወይስ ያንሳሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጆቹ «ያንሳሉ» ካሉ በኋላ ቁጥሮቹ ይገባሉ። ከዚያም አንዷ ልጅ ታሪኩን በራሷ አባባል እንድትናገር ይደረጋል፦

— እስቲ የኔ ልጅ፣ ምን ሆነ?
— ቲቸር፣ 8 ሰዎች ነበሩ። 5 ወረዱ።
— 5ቱ የት ናቸው? ደሴቱ ላይ ናቸው ወይስ ጀልባው ላይ?
— ...ጀልባው ላይ።
— እንግዲያ የወረዱትን በቆርኪ አሳዪኝ።

እንዲህ ባለው ጭውውት አስተማሪው «ተሳስተሻል» ሳይል ስህተቱ የት ጋ እንደሆነ ያገኛል። ልጅቷ መቀነስ አላቃታትም፤ 5ቱን ከጀልባው አውርዳቸዋለች። የዴስክ ላይ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ባቄላ ወይም ብይ ለዚህ ይበቃል። ተማሪ በበዛበት ክፍል ልጆቹ ራሳቸው ተሳፋሪ ሆነው ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሊወርዱ ይችላሉ፤ ጩኸት አለው፣ ግን ታሪኩን ያልተረዳ ልጅ ወዲያው ይታያል።

ለማወዳደር ጥያቄ ቶም ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ውጤት በጣም ይጠቅማል። ሃድሰን ለልጆች የወፎችና የትሎች ሥዕል አሳይቶ በሁለት መንገድ ጠየቃቸው። «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ሲባሉ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች በትክክል የመለሱት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ወፎቹ ሁሉ ትል ለማግኘት ቢሽቀዳደሙ ስንት ወፎች ትል አያገኙም?» ሲባሉ ግን 83 በመቶዎቹ መለሱ። ሥዕሉም ቁጥሩም አልተለወጠም። በአማርኛ ለዚህ «ይደርሳል» የሚለው ግሥ ተስማሚ ነው፤ 8 ልጆችና 5 ዳቦዎች ካሉ «ስንት ልጆች ዳቦ አይደርሳቸውም?» ተብሎ ይጀመርና፣ ልጆቹ አንድ ለአንድ ማዛመድን ሲለምዱ ወደ «በስንት ይበልጣሉ?» ይታለፋል።

የገበያ መልስ

«መልስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ለጥያቄ የሚሰጠውንም፣ ገዢ ከከፈለው ላይ የሚመለስለትንም ገንዘብ ይጠራል። ለመቀነስ ትምህርት ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የሸቀጥ ሱቅ የሚላኩ ልጆች፣ ከእናታቸው ጋር ገበያ የሚውሉ ልጆች፣ በመንገድ ላይ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡ ልጆች መልስ ሲሰጡ ከላይ ወደ ታች አይቀንሱም። 7 ብር ዕቃ ሸጠው 10 ብር ሲቀበሉ «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር» እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ የቆጠሩት 3 መልሱ ነው።

ተሬዚኛ ኑኔስ፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ የሚሸጡ 5 ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ልጆቹ በሥራ ቦታቸው ከተጠየቁት 63 ጥያቄዎች 98 በመቶውን በትክክል መልሰዋል። በኋላ ተመሳሳይ ስሌት በወረቀት ያለ ታሪክ ሲቀርብላቸው ውጤታቸው ወደ 37 በመቶ ወረደ፤ በቃላት ፕሮብሌም መልክ ሲቀርብ 74 በመቶ ያህል ነበር። አንዱ ልጅ እያንዳንዱ 40 የሆነ ሁለት ኮኮናት ሸጦ 500 ሲቀበል «80፣ 90፣ 100፣ 420» ብሎ መልሱን አወጣ፤ 420 + 80 ተጽፎ ሲሰጠው ግን 130 አለ።

ይህ መንገድ በቤት ውስጥም አለ። «ለሦስት ሰዓት 10 ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ሰዓቱን የሚናገረው እስኪሞላ በጎደለው ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ያደገ ከሆነ «10 ለመሙላት ስንት ጉዳይ ነው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም።

ባሕር ዳርና የመምህራን ሥልጠና

ባሕር ዳር ለዚህ ጉዳይ እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የሥነ ትምህርት አካዳሚ ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። አካዳሚው በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒክ ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ በአማራ ክልል አብዛኞቹ ልጆች ሒሳብን በአማርኛ ይማራሉ፤ በብሔረሰብ አስተዳደሮቹም በአዊኛ፣ በኽምጣኛና በኦሮምኛ ይማራሉ። በዚህ ጽሑፍ ስለ «ቀረ» እና ስለ «ከ» የተባለው አማርኛን ይመለከታል፤ በሌሎቹ ቋንቋዎች እንቅፋቱ ሌላ ቃል ላይ ሊሆን ስለሚችል የአማርኛውን ጥያቄ ቃል በቃል ተርጉሞ መስጠት አያዋጣም።

ጥያቄን ከአካባቢ ጋር ማስማማት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚደረገው ስሞቹን መለወጥ ነው፤ ፖም በሎሚ፣ ባቡር በታንኳ ይተካል። ይህ ልጁን ያቀርበዋል፣ ነገር ግን ታሪኩ ሁልጊዜ «ነበረው፣ ሰጠ፣ ስንት ቀረው» ከሆነ ቆሮሶውም ቢሆን አይረዳም። ከአሥር ጥያቄ ቢያንስ ጥቂቶቹ የተወሰደውን፣ መጀመሪያ የነበረውንና ልዩነቱን የሚጠይቁ መሆን አለባቸው፤ አንድ ሁለቱም በመደመር የሚፈቱ ሆነው መሐል ቢገቡ ልጁ ሳያነብ እንዳይቀንስ ያደርጉታል።

ቁጥሮቹ ሲያድጉ

በ8 እና በ5 የተጀመረው ታሪክ ወደ 52 እና 38 ሲሄድ በጠጠር መሥራት ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ልጆች በቁመት ጽፈው «ከአሥር ቤት አንድ ተበድረን» ማለትን ይማራሉ። ቃሉ ትንሽ ያስቃል፤ የተበደሩትን የሚመልስ ስለሌለ «መዘርዘር» ቢባል ለሥራው ይቀርባል፣ የተደረገው አንድ የ10 ብር ኖትን ወደ 10 የአንድ ብር ሳንቲሞች መለወጥ ነውና። ገበያ የለመደ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ሳይበደር ይሠራዋል፦ ከ38 እስከ 40 ሁለት፣ ከ40 እስከ 50 አሥር፣ ከ50 እስከ 52 ሁለት፤ 14።